ማንን ታውቃላችሁ?

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ናይሮቢ፣ ኢስሊ በሚገኘው ቤታችን ቡና አቅርበን ተቀምጠን ሳለ የወንድማችን ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀችን። ልጅቷ ያደገችው እዚያው ናይሮቢ ነው። የስፌትና የዲዛይን ሥልጠናዋን ከጨረሰች አራት ወር ሆኗታል። በስልኳ ውስጥ የማትከታተለው ዲዛይነር የለም። በየፋሽን ትርዒቱ የተቀበለቻቸው ቢዝነስ ካርዶች አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሞልተዋል። ሠላሳ ለሚሆኑ ሰዎች ጽፋ፣ የመለሱላት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱም «እናመሰግናለን» ብለው ነው ያሰናበቷት።

«እናንተ በዚህ ሥራ ይህን ያህል ዓመት ቆይታችኋል፤ ለመሆኑ ማንን ታውቃላችሁ? ከአንድ ሰው ጋር ብቻ አገናኙኝ፤ ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ» አለችን።

እኛም ደብተራችንን አወጣን። ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ ተራ ደብተር ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው ሰው ሁሉ በውስጡ አለ። ሸማኔ፣ ክር ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጥልፍ ጠላፊ፣ የአውቶቡስ ረዳት፣ ሞያሌ ላይ የጉምሩክ ወረቀታችንን የሚጨርስልን ልጅ፣ ናይሮቢ ውስጥ ቁልፍና ገበር የሚሸጡልን ሰዎች። ልጅቷ ደብተሩን ስትገልጥ በመጀመሪያው ገጽ፣ ከሁሉም በላይ የተጻፈው ስም በሁለት መስመር ተሰርዞ አገኘችው።

«ይቺ ማን ናት? ሞተች እንዴ?»

አልሞቱም። የሰረዝነው እኛ ነን። ያን ዕለት ሁለታችንም ሲኒያችንን እያየን ዝም አልን፤ ወሬውንም ቀየርነው። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያን ጊዜ ያልመለስንላትን ለመመለስ ነው። በልብስና በፋሽን ሥራ መግባት የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ለመግባት የምታስቡ ሁሉ ከስህተታችን ብትማሩ የከፈልነው በከንቱ አይቀርም።

እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን፤ ሁለታችንም አርባን አልፈናል። አንዳችን ከኮሜርስ በዲፕሎማ ተመርቀን ሒሳቡን እንይዛለን፤ አንዳችን መርካቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀምጠን መቀስና መርፌ ተምረናል። ስንጀምር ፋሽን የሚባል ነገር በሐሳባችን አልነበረም። ከኢስሊ ጨርቅ እየገዛን አዲስ አበባ እንሸጥ ነበር። ወደ ናይሮቢ ስንመለስ ሻንጣው ባዶ መሆኑ ቢያናድደን ነጠላና ጋቢ መያዝ ጀመርን። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግ የሐበሻ ልብስ የሚፈልግ ወገን ናይሮቢ ውስጥ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ከሞያሌ በማርሳቢት ወደ ኢሲዮሎ የሚወስደው አስፋልት ገና አላለቀም ነበር፤ ነጩ ነጠላ ናይሮቢ ሲደርስ ቡናማ እንዳይሆን በሦስት ላስቲክ እየጠቀለልን ነበር የምንጭነው።

የመጀመሪያውን ጭነት የገዛነው እንጦጦ ሥር፣ ሽሮ ሜዳ ካገኘነው ሱቅ ነው፤ አሥራ ሁለት ነጠላ። ዕቃችንን ይዘን ስንወጣ ከጎን ባለ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡ አንዲት ሴት ጠሩን። «የጎረቤቴን ዕቃ አላማም» አሉን፤ «ግን ከመሄዳችሁ በፊት ጥለቱን ገልብጣችሁ እዩት»። ገለበጥነው። ክሩ በየቦታው ተንጠልጥሏል፣ ቋጠሮው ወጥቷል። ከዚያ የራሳቸውን አንድ ነጠላ አምጥተው ገለበጡልን። ጀርባው እንደ ፊቱ ንጹሕ ነበር። «የሸማኔ እጅ የሚታወቀው በጀርባው ነው» አሉን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እትዬ» እያልን እሳቸው ጋ መሄድ ጀመርን። በእጅ የተፈተለውን ከፋብሪካው ክር መለየት አስተማሩን። ሳባው ጥሩ ካልሆነ ከሁለት እጥበት በኋላ እንደሚጠቁር፣ መነን ሲቆረጥ ጠርዙ ቶሎ እንደሚተረተር፣ ቀለም የገባ ክር ከነጭ ጋር ከመጠቅለሉ በፊት መፈተን እንዳለበት ነገሩን። በሦስተኛው ጉዟችን አሥር ቀሚስ በዱቤ ሰጡን፤ ወረቀት አልጻፉም፣ ዋስ አልጠየቁም። ከሱቃቸው ጀርባ ባለው መንደር ወደሚኖሩት ሸማኔዎችም ራሳቸው ይዘውን ገቡ። አብዛኞቹ ከጋሞ የመጡ፣ ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ ናቸው። እትዬ ከእያንዳንዱ ቀሚስ ላይ 80 ብር ያስቀሩ ነበር። ይህንንም ደብቀውን አያውቁም።

ናይሮቢ ላይ ደግሞ ዛሬም ድረስ የምንሠራላትን ዲዛይነር ያገኘነው በትርዒት አዳራሽ ወይም በካርድ አይደለም። ሪቨር ሮድ አካባቢ ገበርና ዚፕ ከምንገዛበት ሱቅ ነው። ባለሱቁ በእጃችን የያዝነውን ጥለት አይቶ፣ «እንዲህ ያለውን የምትፈልግ ደንበኛ አለችኝ» ብሎ ወደ እሷ ላከን። ስድስት ማሽን ያላት፣ የሠርግ ልብስ የምትሠራ ሴት ናት። እኛ «ማማ» እንላታለን፣ እሷ «ዳዳ» ትለናለች፤ በስዋሂሊ እህቴ ማለት ነው። መጀመሪያ ሦስት ኩታ ወሰደች። ከሁለት ወር በኋላ ስምንት። ቀጥሎ ጥለቱን ከዘመናዊ ቅድ ጋር አዋህዳ ለራሷ ደንበኞች መሥራት ጀመረች። ያኔ ነው እኛም ከነጠላ ነጋዴነት ወደ ፋሽን ሥራ እየገባን መሆኑ የገባን።

እንግዲህ ጥፋታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በ2007 ዓ.ም. የካቲት ወር ሒሳብ ስንሠራ ያ 80 ብር ዓይናችን ውስጥ ገባ። በዓመት ስንት ቀሚስ እንደምንወስድ አባዛነው። «ሸማኔውን እናውቀዋለን፣ ቤቱን እናውቀዋለን፣ ስልኩ አለን፤ ታዲያ ይህ ብር የምን ነው?» ተባባልን። ዲፕሎማው ወጪ መቀነስን በደንብ አስተምሮን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በእትዬ ሱቅ በር ሳናልፍ በጀርባ በኩል ዞረን ወደ ሸማኔው ቤት ሄድን። ከምንከፍለው ላይ 30 ብር እንደምንጨምርለት ነገርነው።

ሰውየው እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ሳያወጣ ቀና ብሎ አየንና፣ «እትዬ ያውቃሉ?» አለን።

«አዎ፣ ያውቃሉ» አልነው።

ውሸት ነበር። ማታ ማረፊያችን ገብተን ስማቸውን ከደብተራችን ሰረዝን። ለምን እንደሰረዝነው ዛሬም አናውቅም፤ ምናልባት ስናየው እንዳያሳፍረን ይሆናል። እትዬ ግን በሳምንቱ ሰምተዋል። አንድም ቀን ደውለው አልወቀሱንም።

ለአንድ ዓመት ከስድስት ወር ሁሉ ነገር ጥሩ ሄደ። 165 ቀሚስ ከሸማኔው በቀጥታ ወሰድን። «ይኸው! ምን ጎደለብን?» ብለናል።

በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ማማ ትልቁን ትእዛዝ ሰጠችን። ለአንድ ሠርግ ሚዜዎችና ቤተሰብ አሥራ ስምንት ቀሚስ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥለት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ። ሠርጉ በጥቅምት አጋማሽ ነው። የአንዱ ቀሚስ ጨርቅ 11,000 የኬንያ ሺሊንግ፣ ጠቅላላው 198,000፤ ግማሹን 99,000 ሺሊንግ ቀብድ በእጃችን አስቆጠረችን። ከዚያ በፊት ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይዘን አናውቅም።

ሸማኔውን ስንነግረው፣ «ከመስቀል በፊት የምችለውን አደርሳለሁ» አለ። እኛ የሰማነው «አደርሳለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ለጋሞ ሰው መስቀል ማለት ምን እንደሆነ ሳናውቅ አራት ዓመት በጋሞ ሸማኔዎች እጅ ስንነግድ ኖረናል። የዓመቱ ትልቁ በዓል እሱ ነው፤ ከየከተማው የሚሠራው ሁሉ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ አገሩ ይገባል። ያንን ጥለት ለመሥራት ደግሞ አንድ ቀሚስ በትንሹ አራት ቀን ይፈጃል። ጳጉሜን ላይ ስንደርስ ያለቀው ሰባት ነው። ከዚያ ሸማኔው ቤቱን ዘግቶ ወደ ጋሞ ሄደ። የእሱ ብቻ አይደለም፤ መንደሩ ሁሉ ጸጥ አለ፤ የመወርወሪያ ድምፅ እንኳ አይሰማም።

ወደ ሌሎች ሱቆች ሮጥን። የሽሮ ሜዳ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ፊት ለፊት ክፉ የተናገረን የለም። «የለንም» ይላሉ፤ ያላቸውም በጥሬ ገንዘብ ብቻ፣ በውድ ዋጋ ነው። ከዚህም ከዚያም ለቃቅመን አሥራ አንዱን ሞላን። ቀዩ ግን ቀይን አልመሰለም። አንዱ ወደ ብርቱካን ይሄዳል፣ አንዱ የደረቀ ደም ይመስላል። ድንበር ላይ ደግሞ ወረቀታችን ሳይሟላ ሁለት ቀን ጠፋን። ናይሮቢ ስንገባ ለሠርጉ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ማማ አሥራ ስምንቱንም በጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ዝም ብላ አየቻቸው። «ፖሌ ሳና ማማ» አልናት፤ በጣም ይቅርታ ማለታችን ነው። አልመለሰችልንም። ለካ ከሳምንት በፊት ተስፋ ቆርጣ ቢያሻራ ስትሪት ሄዳ ሌላ ጨርቅ ገዝታ ልብሱን ሰፍታ ጨርሳዋለች። ከሙሽራዋ ቤተሰብ ፊት ምን እንደተባለች ግን አልነገረችንም።

በዚያ ሌሊት ሁለታችን ተጣላን። አንዳችን «ስልኩን እንዝጋና ወደ አዲስ አበባ እንመለስ» አልን፤ አንዳችን «አይሆንም» አልን። ማን ምን እንዳለ ለመጻፍ አንፈልግም። በመጨረሻ ኦቨርሎክ ማሽናችንን ሸጥን፣ ከዕቁብ ዳኛው ተለማምነን ተራችንን አስቀደምን፣ በስድስተኛው ቀን 99,000 ሺሊንጉን በጥሬ ገንዘብ ይዘን ማማ ዘንድ ሄድን። ቆጠረችው። «ይዛችሁ የጠፋችሁ መስሎኝ ነበር» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሦስት ወር ሙሉ አልደወለችም። ከዚያ አንድ ሰኞ ስልካችን ጮኸ። ሦስት ሻርፕ ትፈልጋለች፤ ለዓርብ። ረቡዕ ማታ አደረስንላት። ያን ዕለት ሻይ አስመጥታ የነገረችንን ዛሬም ለእያንዳንዱ ጀማሪ እንነግራለን፦ «ጨርቅ የሚያመጣልኝ ሰው ሞልቷል፤ ትክክለኛውን ቀን የሚነግረኝ ሰው ነው የጠፋው»።

ያኔ ቁጭ ብለን ያንን 80 ብር እንደገና አሰብነው። እትዬ ብሩን ይቀበሉ የነበረው ከሸማኔ ጋር ስላስተዋወቁን ብቻ አልነበረም። ለአንድ ትእዛዝ የሚበቃውን ቀለም ክር በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ማቅለሚያ ገዝተው ለአራት ሸማኔ የሚያከፋፍሉት በዚያ ብር ነው። መስከረም ላይ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ለቸገረው ሸማኔ የሚያበድሩት በዚያ ብር ነው። መስቀል ከመድረሱ በፊት ዕቃ ገዝተው መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጡት በዚያ ብር ነው። ጥለት ሲበላሽ ከሸማኔው ጋር የሚሟገቱት፣ እኛን ደግሞ «ይህን ተዉት» የሚሉን እሳቸው ነበሩ። እኛ ግንኙነት ማለት ስልክ ቁጥር መስሎን ቁጥሩን ይዘን ሰውየዋን ጣልን። ድርና ማግ አብረው ስላሉ ብቻ ሸማ አይሆኑም፤ መሐል ላይ የሚመላለስ መወርወሪያ ያስፈልጋል። እኛ የጣልነው መወርወሪያውን ነው።

ይህ በእኛ መንደር ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። ሊያ ከበደ በዓለም የታወቀች ሞዴል ናት፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ለምለም የሚባለውን የልብስ ሥራዋን ስትጀምር የፋሽኑ ዓለም በር አልተዘጋባትም። ሥራው የቆመው ግን አዲስ አበባ ውስጥ በሽመና ላይ በተቀመጡ ሰዎች እጅ ነው። ቤተልሔም ጥላሁንም ሶልሬብልስ የተባለውን ጫማ የጀመረችው ባደገችበት በዘነበወርቅ ሰፈር፣ እጃቸውን ከምታውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። ልጆቻችን የሚያዩት መድረኩንና መብራቱን ነው፤ አይፈረድባቸውም፣ የሚታየው እሱ ነው። ከመድረኩ ጀርባ ግን ክር ገዥ፣ ቀዳጅ፣ ሰፊ፣ ተኳሽ፣ ዕቃ ጫኝ አለ። ጀማሪ ሰው ቶሎ የሚገባው በዚያ በር ነው።

ለልጃችን በኋላ ቁጭ አድርገን የነገርናትን እዚህም እናስቀምጠው።

መጀመሪያ፣ ባዶ እጅ አትሂጂ። «ዕድል ስጡኝ» የሚል ደብዳቤ ለሁሉም አንድ ነው። እኛ ከዚያ ውድቀት በኋላ የናሙና ካርድ መሥራት ጀመርን። ከእያንዳንዱ ጨርቅ ሃያ በሃያ ሳንቲ ሜትር እንቆርጣለን፣ በሞቀ ውሃ እናጥባለን፣ ተኩሰን እንደገና እንለካለን። አንዱ ወደ አሥራ ስምንት ተኩል ወርዶ እናውቃለን፤ ይህን ሳይነግሩት ልብስ የሰፋ ሰው ደንበኛውን ያጣል። ካርዱ ላይ የሸማውን ስፋት እንጽፋለን፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሜትር ስለማይሞላ ቅድ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ቀለሙ ይለቅ አይለቅ፣ አንዱ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ በወር ስንት ማድረስ እንደምንችል፣ ዋጋው። ከታች ደግሞ «በመስቀል ሰሞን ሽመና የለም» የሚል አለ። ይህቺ መስመር ያስወጣችንን እኛ እናውቃለን። ስፌት የምትችል ልጅ ደግሞ ናሙናዋ የራሷ እጅ ነው፦ አንድ ንጹሕ የዚፕ ስፌት፣ አንድ የአንገት ቅድ፣ አንድ ጥልፍ፤ ፊቱም ጀርባውም የሚታይ።

ሁለተኛ፣ ትልቅ ነገር አትጠይቂ። «ሥራ ስጡኝ» ለማለት ቀላል ነው፤ ለመመለስ ግን ከባድ። «ይህ ጨርቅ ገበር ቢገባበት ይሻላል ወይስ አይሻልም?» የሚል ጥያቄ ግን የትኛውም ባለሙያ ቆሞ ይመልሰዋል። የነገረሽን ሠርተሽ በሳምንቱ አሳዪው። ምክሩን በሥራ ላይ ያየ ሰው ስምሽን አይረሳም።

ሦስተኛ፣ ከጎንሽ ያሉትን አትናቂ። አብራሽ የሠለጠነችው ልጅ፣ ፎቶ ማንሳት የጀመረው የሰፈር ልጅ፣ ገበር ሻጩ፣ ተኳሿ። እኛ ማማን ያገኘናት በዚፕ ሻጭ ነው። ዛሬ አብረውሽ የሚጀምሩት ከአሥር ዓመት በኋላ ትእዛዝ የሚሰጡ ይሆናሉ።

አራተኛ፣ ትርዒትና ባዛር ሂጂ፣ ግን ለካርድ ብለሽ አትሂጂ። አዲስ አበባ ላይ ሀብ ኦፍ አፍሪካ ፋሽን ዊክ አለ፤ ክርና ጨርቅ አምራቾች ከገዥ ጋር የሚገናኙበት አፍሪካን ሶርሲንግ ኤንድ ፋሽን ዊክም አለ። ሃምሳ ሰው ከመጨበጥ ሦስት ሰው መርጠሽ ስለ ሥራቸው ጠይቂ። ማታውኑ ያወራችሁትን ጻፊ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ያልሽውን ላኪ። «ፎቶ እልክልሃለሁ» ብለሽ ካልላክሽ ባትተዋወቁ ይሻል ነበር።

አምስተኛ፣ «ግንኙነት አለኝ» የሚለውን ሁሉ አትመኚ። «አረብ አገር ሞዴል እናደርግሻለን፣ ፓስፖርትሽን ብቻ ስጪን» የሚል፣ ሥራ ለማስገባት አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ልብስ ለመለካት ብቻሽን ሆቴል ነይ የሚል ሁሉ የፋሽን ሰው አይደለም። የእውነት ባለሙያ የሥራ ቦታውን በቀን ያሳይሻል፤ ከእናትሽ ጋር ብትሄጂም አይከፋውም።

ስድስተኛውና ዋናው፣ ያስተዋወቀሽን ሰው ዝለይ አትበይ። ሥራው ከተሳካ ሄደሽ ንገሪው። የሚገባው ድርሻ ካለ ክፈዪ። ድርሻው በዛ ካልሽ ፊት ለፊት ተደራደሪ። በጀርባ በር አትሂጂ።

ይህን ስድስተኛውን ስንነግራት ልጅቷ ቀና ብላ፣ «የተሰረዘችው ሴትዮ እሷ ናት?» አለችን። ብልህ ልጅ ናት። ሁሉንም ነገርናት።

ማማን አስቀድመን አስፈቅደን ልጅቷን ወሰድናት። ያሳየቻት አንድ የተገጠመ ዚፕ ነው። ማማ ገልብጣ አየችው፣ በጥፍሯ ሳበችው፣ ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ጠርዝ እንድትቀምቅም ፈቀደችላት። ልጅቷ ለሦስት ሳምንት አኩርፋ ነበር፤ «እኔ የተማርኩት ዲዛይን ነው» ትላለች። በአራተኛው ሳምንት ግን ደንበኞች ምን ሲያዩ ፊታቸው እንደሚፈካ፣ ምን ሲያዩ ዋጋ እንደሚያስቀንሱ ማውራት ጀመረች። ያንን ማንም ትምህርት ቤት አያስተምራትም።

በሰኔ ወር ልጅቷን ይዘን ወደ አዲስ አበባ ተጓዝን። መንገዱ ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። አስፋልቱ አልቋል፤ ሞያሌም ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ጣቢያ ስለሚገኙ ወረቀቱ የተሟላ ሰው እንደ ድሮው አይንገላታም። መንገዱ ቢያጥር ግን ለእኛ ሽሮ ሜዳ ሩቅ ነበረች። በታክሲው ውስጥ ሁለታችንም አልተነጋገርንም።

እትዬ እዚያው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ጸጉራቸው ነጭቷል። አወቁን፤ «ደህና ናችሁ?» አሉ፤ «ተቀመጡ» ግን አላሉም። ቆመን የመጣንበትን ተናገርን። ከደብተራችን ላይ ቆጥረን 165 ቀሚስ፣ በ80 ብር፣ 13,200 ብር በፖስታ አድርገን ይዘን ነበር። በሁለት እጃችን ሰጠናቸው።

ቆጠሩት። ከዚያ፣ «ይህ የዛሬ ብር ነው ወይስ የዚያን ጊዜ?» ብለው ጠየቁን።

አልገባንም።

«ያኔ በዚህ ብር ሰባት ቀሚስ ይገዛ ነበር። ዛሬ ሁለት አይገዛም። ኮሜርስ ይህን አላስተማራችሁም?»

መሬት ብትከፈት እንገባ ነበር። ሒሳብ ያዥዋ አፋችን ተሳሰረ። ቀሪውን እንደምንከፍል፣ በስንት ጊዜ እንደምንከፍል መቀባጠር ስንጀምር እትዬ ፖስታውን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና፣ «ቀሪው ይቆይ» አሉ፤ «ዕዳ ያለበት ሰው ተመልሶ ይመጣል»።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት። ልጅቷ በተሰባበረ አማርኛዋ ልብስ እንደምትሰፋ ነገረቻቸው። ከመደርደሪያው አንድ ኩታ አውርደው ሰጧት። ፊቱን አላየችም። በቀጥታ ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ እኛ አልነገርናትም፣ ማማ ቤት የለመደችው ነው። እትዬ ትንሽ ፈገግ አሉ፤ በዚያን ቀን ያየነው ፈገግታ እሱ ብቻ ነው።

«ሁለት ኩታ ውሰጂ። ሠርተሽ ስትሸጪ ትከፍያለሽ» አሏት።

እኛም ደፈር ብለን አምስት ቀሚስ እንፈልጋለን አልን።

«ለእናንተ በጥሬ ገንዘብ ነው» አሉን።

ከፈልን። ከሱቁ ስንወጣ ልጅቷ አዲስ ደብተር ከቦርሳዋ አወጣች። በመጀመሪያው ገጽ ላይኛው መስመር ላይ የእትዬን ስልክ ጻፈች፤ ከጎኑም «ሁለት ኩታ፣ በዱቤ፣ እስከ ጳጉሜን» ብላ አስቀመጠች። «ለምን እስከ ጳጉሜን?» ብንላት፣ «ከመስቀል በፊት ለሸማኔዎቹ ብር ያስፈልጋቸዋል ብላችሁኝ የለ?» አለችን።